የአንቴና ስዊች አደራደር ብዙ ሬዲዮ ባለው ጣቢያ

የአንቴና ስዊች ብዙ ሬዲዮ ባለው የአማተር ጣቢያ ውስጥ የትኛው ሬዲዮ በየትኛው አንቴና እንደሚሠራ የሚወስን ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ እንደሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ብዙ ሰው በሚገለገልበት ቦታ አደራደሩ ለሁሉም ግልጽ መሆን አለበት። ከሥራው የሚከብደው መለየቱ ነው፤ አንዱ ሬዲዮ ሲልክ ሌላው ሳይጎዳ መስማት ይኖርበታል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ የይፋት ቆላ ደግሞ ተራራው፣ ሙቀቱና መብረቁ ይጨመሩበታል።

ሥራው የሚጀመረው በወረቀት ላይ በሚሠራ ሰንጠረዥ ነው። አንቴናዎቹ ወደ ታች፣ ሬዲዮዎቹ ወደ ጎን ተጽፈው የሚፈቀደው ግንኙነት ሁሉ ምልክት ይደረግበታል። የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ርዝመት በሜትር 143ን ለሜጋኸርዝ በማካፈል ይገመታል፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። ይኸው ሽቦ በሦስት እጥፉ፣ በ21 ሜጋኸርዝ አካባቢም ስለሚሠራ በሁለት መስመር ሊመዘገብ ይችላል።

አቅጣጫም በሰንጠረዡ ይግባ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ በምዕራብ በኩል የደጋው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዝቅ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሲግናል በዚህ አፋፍ ይታገዳል፤ ወደ አዋሽ ሸለቆ ያለው ምሥራቅ ግን ክፍት ነው። ለአዲስ አበባና ለደሴ ግን ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የ7 ሜጋኸርዝ ዳይፖል ይበቃል፤ በቀን ሲግናሉ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራው አያግደውም።

ቀጥሎ የመለየት አቅም ይታያል። አንድ ስዊች በሁለት በሮቹ መካከል 60 ዴሲቤል ቢለይ፣ ከ100 ዋት ውስጥ አንድ ሚሊዮንኛው፣ ማለትም 0.1 ሚሊዋት ወደ ሌላው ሬዲዮ ያመልጣል። ጥቂት ቢመስልም፣ በሬዲዮው መለኪያ ኤስ9 ከሚባለው ጠንካራ ሲግናል ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ሲግናል ከአንቴና ወደ አንቴና በአየር ይሻገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ የባንዱን ሲግናል ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ይገባል፤ አንቴናዎቹም ይራራቃሉ። የ7 ሜጋኸርዝ ሃርሞኒክ (እጥፍ ድግግሞሽ) በ14፣ በ21 እና በ28 ላይ ስለሚወድቅ፣ እነዚህን ባንዶች አብሮ የሚያሠራ ሰው ለዚህ የተለየ ጥንቃቄ ያድርግ።

ሁለት ሬዲዮ አንድ አንቴና ከቶ እንዳይይዙ መቆለፊያው ስዊቹን በሚያዞረው ሪሌይ ሽቦ በራሱ ይሠራ፤ ለሰው ማስታወስ አይተው። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ መላክ ይቆማል፣ ሪሌዩ ይዞራል፣ ከዚያ መላክ ይቀጥላል። 100 ዋት በ50 ኦም ላይ ወደ 70 ቮልት ስለሚሰጥ፣ እየላኩ ማዞር የሪሌዩን መነካኪያ ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ሪሌዮቹ አንቴናዎቹን ከሬዲዮ ለይተው ወደ መሬት የሚያያይዙ ቢሆኑ ይመረጣል።

ውጭ የሚቀመጥ ስዊች በጥላ ሥር በታሸገ ሣጥን ይግባ፤ ከታች የእርጥበት መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ገመዱም ውሃ እንዳያስገባ ከሣጥኑ በታች ጎንበስ ብሎ ይግባ። የበልግና የክረምት መብረቅን የትኛውም ስዊች አያቆምም። ደመናው ሳይቀርብ ገመዱ ከሬዲዮው ይነቀል። የመሬት ዘንጎች ሁሉ እርስ በርስ ይታሰሩ፤ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ መሬቱ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ ዘንጉ ጠለቅ ብሎ ይተከል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ መንገድ በአንቴና ፈንታ በሚገባ የ50 ኦም ዳሚ ሎድና በ5 ዋት ይፈተሻል፤ ከዚያ በአንቴናው ይደገማል፤ የኤስ ደብሊው አር ንባቡም በሰንጠረዡ ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ አንዱ ሬዲዮ በአነስተኛ ኃይል ሲልክ ሌላው ይደመጣል፤ ጉልበቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። መላክ የሚፈቀደው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ላለው ብቻ ነው። የተሞላው ሰንጠረዥ ከስዊቹ አጠገብ ይለጠፋል፤ ገመድ ወይም አንቴና በተቀየረ ቁጥርም ይታደሳል።