ቀጥ ያለው መቋሚያ ለምን ይጎብጣል?

ወደ ሙያችን ለመግባት የተነሣ አንድ ወጣት በቅርቡ «ጋሼ፣ ፎቶግራፉንም ቪዲዮውንም በአንድ ካሜራ ለመሥራት አስቤ ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ፤ ሜጋፒክስሉ ስንት ይሁን? ቪዲዮውስ 4ኬ ይበቃል ወይስ 8ኬ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቅን ልብ ጥያቄ ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቀው ስለ ብዛት ብቻ በመሆኑ፣ እኔም በብዛት ብመልስለት በላቡ ያገኘውን ገንዘብ በከንቱ እንዲያፈስ መምከር ይሆንብኛል ብዬ ስለ ሠጋሁ፣ ያን ዕለት «ስለ ንባቡ ፍጥነት ጠይቅ» ብዬ በአጭሩ ያለፍሁትን ቃል ዛሬ በሰፊው ላብራራው ወደድሁ።

ከእኔ ጋር በአንድ ዘመን ወደ ሥራው የገባና የምንከባበር አንድ ባልደረባ አለኝ፤ እርሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ በተነሣ ቍጥር «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎ ክርክሩን ይዘጋል፤ ለፎቶግራፍ አንድ፣ ለቪዲዮ ሌላ ካሜራ በትከሻው ሳያንጠለጥልም ከቤቱ አይወጣም። ተረቱን እኔም አከብረዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ዛፎቹ ሁለት መሆናቸው ከቀረ ቆይቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ በነበረ ጊዜ፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ባዘለቁት ጊዜ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰውና ሲኒማ የሚያነሣው ሰው በመሣሪያም በትምህርትም የተለያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ኒኮን ዲ90 የተባለውን ካሜራ ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ አወጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ካኖን 21 ሜጋፒክስል ያለውን 5ዲ ማርክ 2 ባለ 1080 መስመር ቪዲዮ አድርጎ ሲያስከትል፣ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሴንሰር ላይ ተጋቡ። ጋብቻው የሰማንያ ነው፣ ሊፈታ ይችላል የሚል ቢኖር ይከራከር፤ እኔ የቍርባን ነው ባይ ነኝ።

የነገሩ ሥር ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሴንሰር ብርሃንን በአንድ ቅጽበት ሁሉን አጠቃልሎ የሚቀበል ይመስለናል፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በገበያ ያሉት አብዛኞቹ ከላይኛው ረድፍ ጀምረው፣ ረድፍ በረድፍ እየወረዱ፣ እስከ ታችኛው ድረስ የሚያነቡ ናቸው። በመጀመሪያው ረድፍና በመጨረሻው ረድፍ መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቈጠር ቢሆንም፣ በፊታችን ያለው ነገር በዚያ መካከል ስፍራውን ከለወጠ፣ የሥዕሉ ራስና የሥዕሉ እግር የአንድ ቅጽበት ምስክሮች መሆናቸው ይቀራል። ይህን በማኅሌት ላይ እንደሚታየው አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በዝማሜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ፣ ዜማው ሲሞቅም እንቅስቃሴው ሲፈጥን፣ ንባቡ የዘገየ ካሜራ ቀጥ ያለውን እንጨት አጎብጦ ያሳያል። በሠርግ ቤትም ያው ነው፤ እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ከደረቱ የተነጠለ ይመስላል፤ ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ ፍላሹን ባበራ ቍጥርም፣ ብርሃኑ የደረሰው ሴንሰሩ ንባቡን ሳይጨርስ ነውና፣ የእኛ ቪዲዮ በግማሽ ፍሬሙ ነጭ በግማሹ ጨለማ ይሆናል። ይህን ጉድለት የትኛውም የኤዲቲንግ ጥበብ አጥርቶ አያነሣውም።

እንግዲህ ወጣቱ ወደ ጠየቀው ብዛት እንመለስና እንቍጠረው። የ4ኬ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም በወርዱ 3840፣ በቁመቱ 2160 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 8.3 ሜጋፒክስል ያህል ይሆናል። የ8ኬው ደግሞ 7680 በ4320 ስለ ሆነ 33 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ስለዚህ 60 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ 4ኬ ሲቀርጽ ከሚያስፈልገው ከሰባት እጥፍ የሚበልጥ ነጥብ ተሸክሞ ይሠራል፤ ያን ሁሉ በሰከንድ 25 ጊዜ አንብቦ መጨረስ ሲያቅተውም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ረድፍ እየዘለለ ያነባል፣ ወይም ዳር ዳሩን ትቶ መካከሉን ብቻ ይወስዳል። ረድፍ የዘለለ እንደ ሆነ፣ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ሸማኔው ያላስገባውን ቀለም እያወጣ በቴሌቪዥን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዳሩን የተወ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ለሰፊ እይታ ብለን የገዛነው ሌንስ ይጠብብንና በጠባብ ሳሎን ውስጥ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን በአንድነት ማስገባት ያቅተናል። 60 ሜጋፒክስል ካላቸው መካከል ሙሉውን ሴንሰር አንብቦ ለመጨረስ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል የሚፈጅባቸው አሉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9 45.7 ሜጋፒክስሉን ከሰከንድ 1/200 ባነሰ ጊዜ ስለሚያነብ፣ ሠሪዎቹ የብረቱን መዝጊያ ከናካቴው ትተውታል። ምሥጢሩ ያለው በነጥቡ ቍጥር ላይ ሳይሆን፣ ከነጥቦቹ ጀርባ ማስታወሻና ማስሊያ ክፍሎች ተደርበው በመሠራታቸው ላይ ነው፤ እኛ በሙያችን «ስታክድ ሴንሰር» የምንለው ይኸው ነው፤ ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2017 በኤ9 ካሜራው በሙሉ ፍሬም ሴንሰር ላይ አውሎታል።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ይህ የቪዲዮ ጣጣ ነው፤ ፎቶግራፉን ምን ነካው?» ይላል። ፎቶግራፉንም ይነካዋል። በቅዳሴ ጊዜ፣ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጸልይና ምእመናኑም በጸጥታ ሲቆሙ፣ የብረት መዝጊያ እያንቋቋ በመካከላቸው የሚመላለስ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በእጁ ያለው ካሜራ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የቦታውን ክብር አላወቀም። ስለዚህ ድምፅ በሌለው በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ማንሣት ግድ ይሆናል፤ ኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ማለት ደግሞ ሌላ ሳይሆን ያው የሴንሰሩ ንባብ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪኩ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉም፤ ንባቡ የዘገየው ካሜራ እያንዳንዱን ድምቀትና ድብዘት እየመዘገበ ስለሚወርድ፣ በነጩ ካባ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር አጋድሞ ይመልስልናል። እንግዲህ ጸጥታን ለፎቶግራፍ የሚሰጠውና ቀጥታን ለቪዲዮ የሚሰጠው አንድ ጠባይ ከሆነ፣ ሁለቱን ሥራ በአንድ ካሜራ ለመሥራት የሚሻ ሰው ከዚህ ጠባይ አስቀድሞ ምን ይጠይቃል?

ይህ ችግር አዲስ እንዳይመስል አንድ ነገር ላስታውስ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ የእሽቅድምድም መኪና ሲያነሣ፣ ካሜራውን መኪናውን ተከትሎ እያዞረ ሳለ የመዝጊያው ቀጭን ስንጥቅ በመስታወቱ ላይ ሲያልፍ መኪናው ቀድሞት ስለ ሄደ፣ ጎማው ሞላላ ሆኖ ወደ ፊት ያዘመመ፣ ተመልካቾቹም ወደ ኋላ የተጋደሙ ሆነው ወጡ። ያ ሥዕል ዛሬ የፍጥነት ምልክት ተብሎ ይደነቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለመኪና ጌጥ የሆነው ለሊቅ መቋሚያ ጌጥ አይሆንም፤ መኪናው መሮጡን ይናገርልናል፣ የጎበጠው መቋሚያ ግን ምንም እውነት አይናገርልንም።

ሌላም ወገን አለ፤ በ8ኬ ቀርጾ ከቪዲዮው መካከል ፎቶግራፍ እየመረጡ ማውጣት ይበቃል የሚል። ቍጥሩ ይደግፈዋል፤ 33 ሜጋፒክስል ለትልቅ ኅትመትም ይበቃል። የማይደግፈው ጊዜ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀረጽ ቪዲዮ እንቅስቃሴው ለዓይን የለሰለሰ እንዲሆን መዝጊያው የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ያህል ሊከፈት ይገባዋል፤ የሚወዛወዝ እጅ ጠርቶ እንዲወጣ ግን ፎቶግራፍ የሰከንድ 1/500 ይሻል። ለአንዱ የሚመቸው ለሌላው ብዥታ ነው፤ ለሁለቱም ተብሎ መካከሉ ከተያዘ ሁለቱም ይበላሻሉ። ልዩነቱም የመዝጊያ ብቻ አይደለም። መቋሚያው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት ይቆማል፤ ዜማውን በጆሮው የሚከተል ፎቶግራፍ አንሺ ያችን መመለሻ ጠብቆ ቢጫን፣ በደካማ ካሜራ እንኳ ቀጥ ያለ መቋሚያ ያገኛል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይህ ዕረፍት የለውም፤ መመለሻውንም መካከሉንም፣ ዝግታውንም ጥድፊያውንም ሳይመርጥ ሊቀበል ተገድዷል። ፎቶግራፍ አንሺው በትዕግሥትና በጆሮ የሚሸፍነውን ጉድለት፣ ቪዲዮ ቀራጩ በመሣሪያው ካልሸፈነው በምንም አይሸፍነውም፤ ስለዚህም ካሜራው የሚመረጠው በቪዲዮው በኩል ቆሞ ነው።

እልከኛ የሆንሁበት ምክንያት ግን ከሒሳብ የመጣ አይደለም። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔም እንደ እርሳቸው በአቋቋም እንድሠለጥን ብዙ ደከሙብኝ፤ ልቤ ግን ከድጓው ይልቅ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት አዘንብሎ ቀረ። ከዓመታት በኋላ፣ እርሳቸው በሚያገለግሉበት ደብር የንግሥ በዓል ከሰው በተዋስሁት ካሜራ ማኅሌቱን ቀርጬ፣ ቡና ተፈልቶ ዘመድ በተሰበሰበበት በቴሌቪዥን ባሳየኋቸው ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ እልል ሲል እርሳቸው ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «እኔ ዘመምሁ እንጂ መቼ ጎበጥሁ?» አሉኝ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፤ አክስቴም «እርጅና ነው» ብላ ቀለደችባቸው። እርሳቸው ግን የሚናገሩት ስለ ሥርዓት ነበር። በአቋቋም ትምህርት መቋሚያ የሚነሣበትና የሚወርድበት፣ የሚያዘነብልበትና የሚቀናበት ልክ አለው፤ ተማሪው ያንን ልክ ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል፤ መሣሪያዬ ያን የዓመታት ልፋት በአንድ ሰዓት አጥምሞ ለትውልድ ሊያስተላልፍ ነበር። ከመምህሩ አጠገብ ያደገ ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ ከአገር ርቆ፣ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ የተወለደ ልጅ ግን ከቪዲዮ ብቻ የሚማር ከሆነ፣ የካሜራውን ጉድለት የአባቶቹ ሥርዓት አድርጎ ይይዘዋል። እኔ ድጓውን አልተማርሁም፤ የተማሩት የሠሩትን ሳላጣምም ማቆየት ግን ከማኅሌቱ የደረሰኝ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። 24 ሜጋፒክስል፣ ማለትም 6000 በ4000 ነጥብ፣ በጥሩ ኅትመት 50 በ33 ሳንቲሜትር የሚሆን ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ከዚህ የሚበልጥ አልበም የሚያዝ ደንበኛ ጥቂት ነው። የ4ኬ ቪዲዮውም ከዚያው ከ6000ው ነጥብ ተጨምቆ ሲወጣ ጥራቱ ያስደስታል። ቀለሙ 10 ቢት ይሁን፤ 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ 10 ቢት 1024 ይሰጣልና፣ በጥምቀት ፀሐይ ከነጭ ነጠላ በታች ያለውን ጠይም ፊት በኤዲቲንግ ስናነሣው አይሰነጣጠቅም። ሙቀትንም አትርሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ካኖን አር5 በ23 ዲግሪ ሙቀት 8ኬ የሚቀርጸው ለ20 ደቂቃ ያህል መሆኑን ሠሪው ራሱ አስታውቆ ነበር፤ ቅዳሴ ግን ከሁለት ሰዓት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሶኒ ያወጣው ኤ9 3 ሁሉንም ረድፍ በአንድ ቅጽበት የሚይዝ የመጀመሪያው የሙሉ ፍሬም ካሜራ በመሆኑ የእኔን ክርክር ከሥሩ የሚፈታ ነው፤ ደግሞም 24.6 ሜጋፒክስል ብቻ መያዙ ለብዛት አምላኪዎች ጥሩ መልስ ነው። ነገር ግን ዋጋው ለጀማሪ የሚቀመስ ስላልሆነ ለጊዜው እንተወው።

ወንድሜ ሆይ፣ ወደ ሱቅ ስትገባ ሻጩ የሚነግርህን ቍጥር በትሕትና ስማውና ካሜራውን በእጅህ ያዝ። ቪዲዮውን በ4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም አድርገህ በሱቁ በር መቃን ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ፈጠን ብለህ አዙረው፤ ቀጥሎም ድምፅ የሌለውን መዝጊያ 1/500 ላይ አድርገህ ከአምፖሉ ሥር ነጭ ወረቀት አንሣ። መቃኑ ካልዘመመ፣ ወረቀቱም ካልተሸነተረ፣ ሜጋፒክስሉ 24 ብቻ ቢሆን እንኳ ግዛው፤ የተረፈህን ገንዘብ ለሌንስና ለማይክሮፎን አውለው። ገንዘብ ካጠረህ ደግሞ ከብዛቱ ቀንስ እንጂ ከንባቡ ፍጥነት አትቀንስ።