ተረቱን የሚመልስልን ማነው? በኃይሌ ገሪማ ሦስት ፊልሞች ላይ የቀረበ ሂስ

በልጅነታችሁ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ተረት የሰማችሁ ሁሉ አንድ ሥርዐት ታስታውሳላችሁ። አያት «ተረት ተረት» ይላሉ። ልጆች «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። ሲያልቅም ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ዋጋውን ይጠይቃል። ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ ይታየን ይሆናል፤ ዳሩ ግን ስለ ተራኪ ሥራ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ተራኪ ድፍረት የሚያገኘው ከራሱ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ «እየሰማንህ ነውና ቀጥል» ከሚለው አድማጭ ጭምር ነው።

በሰው አገር የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህን አድማጭ ነው። ጎረቤቱ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ የገዛ ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አያነሳም። ታዲያ እኛ «ተረት ተረት» የምንለው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ የኃይሌ ገሪማን ሦስት ፊልሞች እንደገና ተመለከትኋቸው። ብዙዎቻችን በስሙ እንኮራለን፤ ፊልሞቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየን ግን ብዙዎች አንመስለኝም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ጸሐፊና የተውኔት ደራሲ ስለ ነበሩ ቤቱ ተረትና ታሪክ የጎደለበት አልነበረም። ይሁን እንጂ ራሱ በቃለ ምልልስ እንደ ተናገረው፣ የልጅነት ልቡን የወሰደው የአሜሪካ ፊልም ነበር። እሱና ጓደኞቹ በጎንደር ኮረብታ ላይ ያዩትን ፊልም ሲጫወቱ ሁሉም መሆን የሚፈልጉት ካውቦዩን ነው፤ መሬቱን ለተቀማው ለነባሩ ሕዝብ የሚያዝን አልነበረም። ልብ በሉ! ልጁ ገና ከአገሩ አልወጣም፤ ዓይኑ ግን አስቀድሞ ተሰዷል። በራስ ታሪክ መተማመን የሚጠፋው በስደት ብቻ ነው የምንል ካለን ተሳስተናል።

በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ቲያትር፣ ቀጥሎም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ገና ተማሪ ሳለም በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጸ። ፊልሙ በ1976 ለሕዝብ ቀረበ። በጥቁርና ነጭ የተነሣ ሲሆን ቋንቋው አማርኛ ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ለባላባት ሲያርስ፣ ሲያግድና ሲላላክ ያሳያል። የፊልሙ ትልቅ ጥንካሬ ለእንግዳ ተመልካች ብሎ የማይቸኩል መሆኑ ነው። በሬው እርሻውን እስኪጨርስ ካሜራው ቆሞ ይጠብቃል። ቀንበር ምን እንደ ሆነ፣ ጭሰኛ ማን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው አያብራራም። ይልቁንም ያንን ኑሮ የኖረ ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንደሚያዳምጠው ሆኖ ይናገራል። እንግዳው ከፈለገ ቀርቦ ይስማ ይላል። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ፊልም፣ በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ»፣ የእኛን አገር ታሪክ አይተርክም። ቃሉ የጋና አካኖች ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «ተመልሰህ የተውከውን አምጣ» እንደ ማለት ነው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል በጋና ኬፕ ኮስት የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶግራፍ ልትነሣ ትሄድና፣ ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ በባርነት እርሻ ላይ ራሷን ታገኘዋለች። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና የፊልም ሠሪዋ ባለቤቱ ሺሪክያና አይና ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የየከተማውን የጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። ኋላም ዋሽንግተን ውስጥ በጆርጂያ አቬኑ፣ ኃይሌ ለረጅም ዘመን ካስተማረበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ በፊልሙ ስም የሚጠራ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ።

በእኔ አስተያየት ከፊልሙ ይዘት ባላነሰ ይህ የአሠራር ታሪክ ሊጠና ይገባዋል። «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ በጠፋ ጊዜ፣ መላሹን ራሳቸው ሄደው ፈለጉት። አፋቸውን በዳቦ ያበሰውም ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ነው። ታላላቆቹ ተቋማት የመጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር፤ የተመለሰው ፊልም በኔትፍሊክስ የታየውና የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን የሸለመው በ2021 ነው። ተራኪው ያን ሁሉ ዓመት ፈቃድ ሲጠብቅ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ሦስተኛው «ጤዛ» ነው። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስቲቫል የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። ጀርመን አገር ሕክምና የተማረው አንበርብር በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ጠበል ይወስዱታል። መንደርተኛው ምን ይዞ እንደ መጣ ማወቅ ይፈልጋል፤ እሱ ግን የሚናገረው ጠፍቶታል። ወጣቶቹ ከወታደር መልማዮች ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ከእኛ መካከል ከዓመታት በኋላ ቤተሰብ ጠይቆ የተመለሰ ሰው፣ ያንን የእናትና ልጅ ዝምታ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል።

ይሁን እንጂ ሂስ ውዳሴ ብቻ አይደለም። «ጤዛ» ወደ ጀርመን ተማሪዎች ክርክር ሲገባ ሰዎቹ ሰው መሆናቸው ይቀርና የአቋም መግለጫ አንባቢ ይሆናሉ። አንደኛው የአንድ ወገን፣ ሁለተኛው የሌላ ወገን አፍ ሆኖ ይናገራል። በ«ሳንኮፋ»ም ትምህርት መስጠቱ ከትረካው የሚገንንባቸው ቦታዎች አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ኃይሌ ተመልካቹ እንዳይስትበት የፈራ ይመስላል። በጭሰኛው ማሳ ላይ ያየነው፣ አድማጩን የማመን እርጋታ እዚህ ይጎድላል። ያም ሆኖ መጨረሻው ይክሳል፤ አንበርብር ዓለምን አድናለሁ ማለቱን ትቶ የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይይዛል። ዓላማውን ያገኘው የሚሰሙት ልጆች ፊቱ በተቀመጡ ጊዜ ነው።

አንባቢያን ሆይ፤ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በየከተማችን የምናደርገውን የባህል ቀን አስቡት። ቡና ይፈላል፣ ጥበብ ይለበሳል፣ እስክስታ ይወረዳል፤ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ለእንግዶች ያብራራል። ይህ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ዓመቱን በሙሉ ለእንግዳ ብቻ ስናብራራ ከኖርን፣ ልጆቻችንም የገዛ ባህላቸውን የሚያውቁት በእንግዳ ዓይን ይሆናል፤ እንደ ካውቦዩ ጨዋታ ማለት ነው።

«ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም፤ ካላብራራን እንዴት ይገባቸዋል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ችግሩም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን የሠራው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም ለባለቤቶቹ ተናገረ እንጂ ለእንግዳ አላስጎበኘም። ስለዚህ ቁም ነገሩ ቋንቋው ብቻ አይደለም። ልጅን እንደ ጎብኚ ማስረዳት አንድ ነገር ነው፤ እንደ ወራሽ ቆጥሮ መተረክ ሌላ ነው። ለወራሽ ሲተረክ የቤተሰቡ ስም፣ የመንደሩ ስም፣ ውርደቱና ጥፋቱም ሳይቀር ይነገራል። ከአገር እንዴት እንደ ወጣችሁ፣ በመንገድ ማንን እንዳጣችሁ ለልጆቻችሁ ተርካችሁላቸዋል? ይህን እናንተ ካልነገራችሁ ማንም ፊልም አይነግራቸውም።

እንግዲህ ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን በዚህ ወር ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና የየራሳችሁን ጀምሩ። አማርኛው ቢሰባበር፣ ትዝታው ቢዛነፍ አትፈሩ። «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» የሚለውንም ቀድማችሁ አስተምሯቸው። መላሽ ያለው ተራኪ አፉ አይያዝም።