«የጎንዮሽ ጉዳት» ስለሚባለው ስያሜ የቀረበ ሂስ

በሕክምና ቋንቋችን ውስጥ ሳይመረመሩ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለው ነው። ቃሉ ለአፍ መድረቅና ለቀላል ማቅለሽለሽ ያገለግል ይሆናል፤ በካንሰር ኢሚውኖቴራፒ ምክንያት ለሚመጣው የፒቱታሪ ዕጢ ብግነት ግን አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ፕሮቲን የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት እንደ ልጓም ይገታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ኢፒሊሙማብ ይህን ልጓም ይፈታል፤ ተከላካዮቹም በካንሰሩ ላይ ይዘምታሉ። እንዲህ ላለው ሕክምና መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ያው ፕሮቲን በፒቱታሪ ሕዋሳት ላይም ስለሚገኝ መድኃኒቱ እዚያም ይጣበቃል። እንግዲህ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ሥራ ጎን የቆመ ሳይሆን፥ ያው ሥራ በሌላ ስፍራ ሲፈጸም ነው።

ስሕተቱ በቃል ክርክር ብቻ አይቀርም። «ጎንዮሽ» ሲባል በሽተኛው ቆይቶ የሚያልፍ ነገር ይመስለዋል። ብግነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ገደማ በራስ ምታትና በድካም ይገለጣል፤ ኮርቲዞል እንዲመነጭ የሚያዘው የፒቱታሪ ሆርሞን አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

በሌላ አገር ታክሞ ወደ ባሕር ዳር የተመለሰ ሰው ይህ ሕመም ቢሰማው ምን ይሆናል? በጣና ዙሪያ፥ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፥ ወባ ከጥንት የታወቀ ስለ ሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። ደም መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ወባ ሲታጣ ግን «የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ያልፋል» ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው፤ የደም ግፊቱና በደሙ ያለው ሶዲየም ወርደው ሰውየው ሊሞት ይችላልና። የሚያስፈልገው የጧት ኮርቲዞልን መለካት፥ ሕመምተኛው እጅግ ከተዳከመም ውጤቱን ሳይጠብቁ ሃይድሮኮርቲዞን መስጠት ነው። የታይሮይድ ሆርሞንም ጎድሎ ቢገኝ ኮርቲዞሉ መቅደም አለበት።

«ቃሉ ተለምዷል፤ አሁን መለወጥ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እኛም አዲስ ቃል እንፍጠር አንልም፤ «መድኃኒቱ ያመጣው በሽታ» ማለት ይበቃል። በሽታ ተብሎ የተጠራ ነገር ምርመራና ክትትል ይጠየቅለታል፤ ጎንዮሽ የተባለ ግን በጎን ይታለፋል። ነገ በዚህ ሐይቅ ዳርቻ በሽተኛ የምንቀበል ተማሪዎች ይህን ልዩነት ከወዲሁ ልናውቀው ይገባል።