የገዛ መልክን መሣልና የክፍል ወዳጅነት

ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወራት መምህሩ አዲሶቹን ተማሪዎች እርስ በርስ ለማስተዋወቅ ሲል፥ እያንዳንዱ የገዛ መልኩን እንዲሥል ማዘዙ በብዙ አገሮች የተለመደ ሥራ ሆኗል። ሥዕሎቹ በግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ወላጅም መጥቶ ያደንቃል። እኛም ይህን ልማድ ከነጥቅሙና ከነጉድለቱ ልንመረምረው ወደድን።

የገዛ መልክን መሣል እንዲያው የሕፃን ጨዋታ አይደለም። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር በመስተዋት እየተመለከተ ጫፉ ብር በሆነ መሣያ ፊቱን በ1484 እ.ኤ.አ. ሲሥል፥ ዕድሜው ገና 13 ዓመት ነበር። ሥዕሉም በቪየና ከተማ በአልበርቲና ቤተ መዘክር ይገኛል። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኖቹ፥ ኃጥኡን ግን በጎኑ በአንድ ዓይን መሣላቸው የታወቀ ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ የተሣለ ፊት መልክን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም የሚናገር መሆኑን ነው። ራሱን የሚሥል ልጅም «በዚህ ዕወቁኝ» ማለቱ ነው።

ዳሩ ግን ይህ መልካም ሥራ በሦስት ነገሮች ይበላሻል። የመጀመሪያው፥ የፊት ቅርጽ የታተመበት ወረቀት አድሎ ቀለም ብቻ ቀቡ ማለት ነው። 40 ልጆች አንዱን ፊት 40 ጊዜ ከደገሙት ማን ማንን ያውቃል? በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆቻችን የሚያድሉት ሥዕልም ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው፤ ሆኖም መልአክና አበባ ለመሣል የደፈረ እጅ የባለቤቱን ፊት ለመሣል አያንስም።

ሁለተኛው ማርክ መስጠት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ፍሎረንስ ጉድኢናፍ፥ ልጆች በሚሥሉት የሰው ሥዕል አእምሯቸውን የሚለካ ፈተና በ1926 እ.ኤ.አ. አሳትማለች። የእርሷ ዓላማ መለካት ነበር፤ የትምህርት መክፈቻው ሥዕል ግን መተዋወቂያ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ መምህር ልጁን ገና በመጀመሪያው ሳምንት በጓደኞቹ ፊት ያሳፍረዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው፥ ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ዝም መባሉ ነው። ግድግዳ ሰውን ከሰው አያስተዋውቅም። ከገጠር የመጣው ልጅ በራሱ አጠገብ በሬ ቢሥል፥ የከተማው ልጅ «የበሬው ስም ማን ይባላል?» ብሎ እስካልጠየቀው ድረስ ሁለቱም እንደ እንግዳ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ሥዕላቸውን ተለዋውጠው፥ አንዱ ሌላውን ጠይቆ ለክፍሉ ቢያስተዋውቀው ይበልጣል።

ወጪውም ብዙ አይደለም፤ ብጣሽ ወረቀት፥ እርሳስ ወይም ከሰል፥ በየተራ የሚዞር አንድ ትንሽ መስተዋት ይበቃል። መምህሩ ቀድሞ የራሱን ፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሥል፥ ሥዕሉ እርሱን አለመምሰሉ ልጆቹን ያስቃል፤ ፍርሃታቸውንም ያርቃል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ልጅ ስሙን እንኳ በማያውቁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ያልገባውን ለመጠየቅ እጁን አያወጣም፤ ያልጠየቀውም ሳይገባው ያልፋል። እንግዲህ የእነዚህን ሥዕሎች ደግነት የምንመዝነው መልክን በመምሰላቸው አይደለም። ወራት ካለፉ በኋላ አንዱ ልጅ ከትምህርት ሲቀር፥ ጓደኞቹ በስሙ ጠርተው «ምን ሆነ?» ብለው ከጠየቁ፥ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል እንላለን።