ስለ ባትሪ መሙያዋ

የድሮን ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ካሜራውን ያወድሳል፤ መብራት በሌለበት ገጠር መሬት ሲቀይስ የሚውል ባለሙያ ግን ልባዊ ምስጋናውን የሚያቀርበው ሦስት ባትሪ ተሸክማ በመኪናው ወለል ላይ ለምትቀመጠው ለዚያች ትንሽ ቻርጀር ነው። የዲጄአይ ማቪክ 3 መሙያ፣ ለምሳሌ፣ ሦስቱን እንደ ሰሞነኛ ካህናት በየተራቸው ታስተናግዳለች እንጂ ባንድነት አትመግብም፤ ይኸውም ብዙ ኃይል የቀረለትን አስቀድማ እየሞላች ወደ ተከታዩ ስለምትሻገር፣ በሦስት ጎዶሎ ባትሪ ፈንታ ለበረራ የተዘጋጀ አንድ ምሉእ ባትሪ ፈጥኖ ይገኛል። ችኩል ሰው ሁሉንም ባንድ ጊዜ የምትሞላውን ይመርጥ ይሆናል፤ እኔ ግን፣ አንዱ ባትሪ 77 ዋት ሰዓት ያህል የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ የሦስቱን ሸክም በአንዲት የመኪና ኢንቨርተር ላይ በአንድ ጊዜ መጫን ግፍ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ተዐቅቦዋን ነው፤ ባትሪው ኃይል የሚቀበለው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከበረራ እንደ ወረደ ገና እየፋጀ ቢሰኩት፣ መሙያዋ ቢጫ መብራቷን እያርገበገበች፣ የአለቃም ሆነ የደንበኛ ጥድፊያ ሳያሸንፋት፣ እስኪበርድ ድረስ ትጠብቃለች፤ ሲበርድም ማንም ሳያዛት ሥራዋን ትጀምራለች።