ጠብቆና ላልቶ፦ ፊደል የማይናገረው ንባብ

«አማርኛ እንደ ተጻፈ ይነበባል» የሚለው አባባል እንግሊዝኛ ባስመረረን ቁጥር የምንጽናናበት ነው። ዘንዘልማ በሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ምሬቱ ምክንያት አያጣም። በአንድ ዓይነት ፊደላት የተጻፈ ቃል «ሶው» ሲባል መዝራት፣ «ሳው» ሲባል እንስት አሳማ ነው፤ ሰብልም እንስሳትም የሚያጠና ሰው ሁለቱንም ያገኛቸዋል። «ሊድ» መምራት ሲሆን ያው ጽሑፍ «ሌድ» ተብሎ ሲነበብ አፈርና ውኃ የሚበክለው እርሳስ ነው።

እንዲህ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ፖላንድኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሌላ ዓለም ይገጥመዋል። ፖላንድኛም ብዙ ትርጉም ያላቸው ቃላት አሉት፤ «ዛሜክ» የነገሥታት ግንብም፣ የበር ቁልፍም፣ የልብስ ዚፕም ነው። ነገር ግን ንባቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጽሕፈቱም ከሞላ ጎደል ድምፁን ይከተላል። ዐይን አንድ አድርጎ የሚያየው፣ ጆሮ ግን የሚለየው የእንግሊዝኛ ቃል ወደዚያ ሲሻገር ሁለት ሌላ ቃል ይሆናል፤ በቃሉ የተሠራ ጨዋታ ካለም እዚያው ይቀራል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ለእንግሊዝኛ ይቀርባል። «ገና ነው» የሚል ጽሑፍ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ደርሷል። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋው፣ ጠብቆ ያልጠበበው ነው። «ዋና»ም «አለ»ም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግሡ ነው። «ሐኪሙ ይጠራል» የሚል መመሪያ ይታይ፦ ላልቶ ከተነበበ ጠሪው ሐኪሙ ነው፤ «ጠ» እና «ራ» ከጠበቁ ሐኪሙን የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ከብቱ የታመመበት ገበሬ ይጠብቅ ወይስ ይሂድ? በዚህ ላይ «ውኃው ይጠራል» ስንል ድምፁ ከላላው «ይጠራል» ጋር አንድ ሆኖ ትርጉሙ መጥራት ሳይሆን መጥለል ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ሁለት ንባብና ሦስት ትርጉም ተሸክሟል። «ይሰጣል»፣ «ይዘራል»፣ «ይለካል» የሚሉት የግብርና መመሪያ የዘወትር ቃላትም ከዚህ አያመልጡም።

ይህ ዝምታ የፊደሉ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ምክንያቱን በቤተ ክህነቱ ትምህርት ሥርዓት ውስጥ አየዋለሁ። ፊደሉ ያለ መምህር ታስቦ አያውቅም። በንባብ ቤት ተማሪው የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች የሚቀበለው ከመምህሩ አንደበት ነው፤ ብራናው ያንን የሚያስታውስ እንጂ የሚተካ አልነበረም። ቅኔ ቤቱም በዝምታው ተጠቅሞበታል። በኅብር ቅኔ አንድ ቃል ለሰሙም ለወርቁም ያገለግላል፤ አማርኛ ግጥምም ወርቁን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የላላውን አጥብቆ፣ የጠበቀውን አላልቶ ነው።

ታዲያ ከዚሁ ቤት የወጣ ሰው ዝምታውን መስበሩ ትልቅ ነገር ነው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁ ፊደላት ላይ ነጥብ አኑረዋል። ብዙ አንባቢ በታሪኩ ተስቦ ነጥቡን ሳያስተውል አልፏል፤ ደራሲዎችም አልተከተሏቸውም። እኔ ግን ከፊደል ማሻሻያ ሐሳቦች ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል፤ አንድም ፊደል አይቀንስም፣ አንድም አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 የማጥበቂያ ምልክት ስላካተተ በኮምፒውተር መጻፍም ይቻላል። ዛሬ አማርኛ የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም፤ ጽሑፍን ለዐይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር «ገና» ላይ ሲደርስ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ የየኔታ ድምፅ የለውም።

ነጥቡ በየቃሉ ላይ ይዝነብ ማለቴ አይደለም። ዐረፍተ ነገሩ ራሱ የሚፈታውን ለዐረፍተ ነገሩ መተው፣ ሁለቱም ንባብ በሚያስኬድበት ቦታ ግን ምልክት ማድረግ ይበቃል። የከብት ሕክምና፣ የመድኃኒት መጠንና የሕግ ጽሑፍ ላይ አርታዒው «ይጠራል»ን ያለ ነጥብ ማሳለፍ የለበትም። ቅኔውን ግን አይንካው፤ ነጥብ ያረፈበት ኅብር ወርቁን አስቀድሞ አውጥቶታል።