ፊንጫ ሃበራ፤ የደጋው ጥንታዊ ምድጃ

ባሌ ተራሮች ላይ፣ ፊንጫ ሃበራ የሚባል የአለት መጠለያ አለ። ከፍታው 3,469 ሜትር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ዋና ምግባቸው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ ያው ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው፣ ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው። እሳት የላሰው አጥንቱ ከቁፋሮው ወጥቷል።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን መሣሪያ ይሠሩበት የነበረው ባልጩት ነው። ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ምላጭ የሆነ። እሱን ፍለጋ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ የበረዶ ግግር አጠገብ ድረስ ይወጡ ነበር። እንዴት ያለ ጉልበት፣ እንዴት ያለ አገር ማወቅ! ውሃቸውም ከዚያው ግግር እየቀለጠ ይወርድላቸው ነበር።